ተራራው በአርባ ስምንት ካሬ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ባዕድ አገሩ እንዴት ይዞሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴና ወገቤ ተራ ገብተው ያሙኛል እንጂ ሌላ የሚከፋ ነገር የለብኝም።

የላክሽው ዕቃ አንድም ሳይጎድል ደረሰ። አሥራ ሁለቱ ቱቦ ቀለም፣ አምስቱ ብሩሽ፣ የተልባ ዘይቱ፣ ሸራው፣ ያቺ ቀጭን የጀማሪ መጽሐፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተራራው ሥዕል። ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክው ነው ያልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በተራራ መንገድ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ዓይኔ ግን ከአስፋልቱ ተነቅሎ አያውቅም፤ ቢነቀል ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍልሽ ሰው አይኖርም ነበር። ስለዚህ ተራራ ምን እንደሚመስል አላውቅም ብልሽ እንዳትስቂ። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሰዓሊ ቁጭ ብሎ አይቶልኛል፤ እኔ ከሱ ላይ እቀዳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉን በእርሳስ በካሬ ከፋፈልኩት፤ ስምንት ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች፣ በድምሩ አርባ ስምንት። ሸራውንም እንዲሁ። ከዚያ ካርቶን ላይ አንድ ካሬ የሚያሳይ መስኮት ቆረጥኩና ሥዕሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሌላው ሁሉ ይሸፈናል። ተራራ ነው፣ ዛፍ ነው ብዬ አላስብም፤ በመስኮቷ ያየሁትን ብቻ እሥላለሁ። አንዱን ካሬ ስጨርስ ከሸራው ጀርባ ልክ በሱ ትይዩ ቀኑን እጽፋለሁ። የሾፌር ልማድ ነው፤ የጉዞ መዝገብ ካልሞላሁ የሄድኩ አይመስለኝም።

ሥራዬ ያው የስፌት ፋብሪካው ሰርቪስ ነው። አሥራ አራት ሴቶች ጠዋት በሚኒባስ አመጣለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመልሳለሁ። ሥዕል ጀመርኩ ስላቸው ሚኒባሱ በሳቅ ሊገለበጥ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በረዶው ነጭ ቀለሜን ጨረሰብኝ። ሁለት ቱቦ ነጭ ብትልኪልኝ ውለታሽን አልረሳም። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ፤ ጤናዎ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አሁንም መቁረጫ ማሽኑ ላይ ነኝ። ጣቶቼ አሥሩም አሉ፤ ከሥራ የምወጣው እየቆጠርኩ ነው።

ነጩን ቀለም ሦስት ቱቦ አድርጌ ልኬዋለሁ። ስለ መስኮቷ የጻፉልኝን ለሥራ ባልደረቦቼ አንብቤላቸው አጨበጨቡልዎ። አንድ አደራ ግን አለኝ። ከሥዕሉ ግርጌ በስተግራ፣ ሐይቁ ዳር፣ የጥፍር ያህል ጀልባ አለች። ቀይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተቀምጦባታል። ይህን ሥዕል አራት ሺህ ቅጂ አትመን ሁሉንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ሰውዬ ላይ ነው። ተራራውን ሁሉ ረስቶ ውኃውን ነው የሚያየው። ያቺን ካሬ ሲደርሱባት የእኔ ናት ብለው ይሥሩልኝ።

ጉልበትዎን ሐኪም ይይልዎ። «ደህና ነኝ» ማለት እናቴም በሕይወት ሳለች የነበረባት በሽታ ነው፤ የዘር ሳይሆን አይቀርም። ዕረፍት ያብዙ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ አዘግይቻለሁና ይቅር በይኝ። ያለፈው ወር ሊያልቅ ሲል ራሴን ክፉኛ አሞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ብርድ ነው። በአራተኛው ቀን ተነሥቼ መኪናዬን አስነሣሁ። ይኸው ነው፤ ነገር እንዳታበዢበት።

ሥዕሉ እየገሰገሰ ነው። እጄ ፈጠነ! ድሮ አንዱ ካሬ አራት ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን በሁለት ቀን ጉዳዩን እጨርሳለሁ። ቀለሙም በረከት ገብቶበታል መሰለኝ አልቅ ቢሉት አላልቅ አለ። ነጭ አትላኪ።

ሰዉን ግን ምን እንደነካው እንጃ። የግቢያችን በር ጠቧል፤ አከራዬ ሳይነግረኝ አንድ ነገር ሳያደርገው አልቀረም፣ መኪናው አላስገባ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ተጋጭቻለሁ። ጎረቤቴን ታውቂያታለሽ፤ ከታመምኩ ወዲህ ምሳ ታመጣልኛለች። አንድ ቀን ሳህኑን ስመልስላት «ግማሹን ተዉት፤ አልጣመዎትም እንዴ?» አለችኝ። ሙልጭ አድርጌ ነው የበላሁት! ከዚያ ወዲህ ሳህኑን አይታ ዝም ትላለች። አኩርፋ ይሆናል።

አንቺም ብትሆኚ፣ አትቀየሚኝና፣ አጻጻፍሽ ተበላሽቷል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ተኝቼ ሳለሁ ነው። ደጋግሜ ባነበው ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ከመሃሉ ይጀምራል። ስለ ባርኔጣ መሆኑን ብቻ ያዝኩ። የምን ባርኔጣ ነው? ሥራ እየበዛብሽ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃኛል፤ የተሟላ ሁለት መስመር። ሰላም ሁኚልኝ።

አጎትሽ


ጥር 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ሦስት ቀን ተኛሁ ያሉትን ሳነብ ደነገጥኩ። ብርድ መሆኑን ማን ነገረዎ? ሐኪም አይቶዎታል? እባክዎ ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። እርስዎ አሥራ አራት ሰው ጭነው የሚሄዱ ሰው ነዎት።

ስለ አጻጻፌ ያሉት ግን አስቆጥቶኛል፤ አልደብቅም። ደብዳቤዬን ከመላኬ በፊት ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። ባርኔጣው የጀልባው ሰውዬ ባርኔጣ ነው፤ በግልጽ ጽፌልዎ ነበር። ምናልባት መነጽርዎ አርጅቶ ይሆናል።

ከዚህ ጋር አንድ እሽግ መስመር ያለው ወረቀት ልኬልዎታለሁ። ዳርና ዳሩ በቀይ የተሰመረ ነው። ከማተሚያ ቤቱ የተረፈ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሲጽፉ ደስ ይልዎ ይሆናል ብዬ ነው።

ጀልባዋ ጋ ደረሱ? ዕድሜ ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 18 ቀን

ለማልረሳሽ ዘመዴ፣ ለእህቴ ልጅ፤

እንኳን ደስ ያለሽ፤ እንኳን ደስ ያለኝ። ጨረስኩ! አርባ ስምንቱንም! ሸራውን ጠቅልዬ ዛሬ በፖስታ ልኬልሻለሁ። ካሬ በካሬ ስሠራ ስለነበር ካርቶኑን አንሥቼ ሙሉውን ሳየው እንባዬ መጣ። እኔ፣ መሪ እንጂ ብሩሽ ጨብጬ የማላውቀው ሰውዬ፣ ተራራ ሠራሁ። ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ «ጥሩ ነው» አለችና አፏን በእጇ ሸፍና ወጣች። እንደዚያ ስትደነቅ አይቻት አላውቅም።

ጀልባ ጀልባ የምትይኝን ግን ተይኝ። ጀልባ የለም። መስኮቷን አስቀምጬ አንድ በአንድ የሄድኩበትን ሥዕል አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ማሽንሽ ቆርጧት ከሆነ እሱን ጠይቂ። ስለ ሐኪም ላነሣሽው፣ ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ጠበብ ማለቱ ብቻ ነው ክፋቱ።

በሥራ በኩል ያው ነው። ከኋላዬ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት በፋብሪካው የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋ ሴት አለች። ዘንድሮ አመል አውጥታለች። በየመታጠፊያው «ፍሬን!» ብላ ትጮሃለች፤ ትከሻዬን መታ መታ ታደርጋለች። ወይዘሮ ፍሬን ብዬ ስም አወጣሁላት። እንደ ድሮው የሚስቅ የለም፤ ደክሟቸው ነው መሰለኝ መንገዱን ሁሉ ጭጭ ይላሉ። ደግሞ የጎን መስታወቴን አንድ የማላውቀው ሰው ሦስት ጊዜ ሰበረብኝ። ዘመኑ ነው።

ሸራው ሲደርስሽ ግድግዳሽ ላይ ስቀይውና የሚሉትን ሁሉ ጻፊልኝ። በጤና ያገናኘን።

አጎትሽ


መጋቢት 10 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

አጎቴ፤

ሰላምታዬን ዛሬ ያሳጠርኩት ንቄዎት አይደለም። ቁጭ ብለው ያንብቡ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከገጹ በስተቀኝ ባለው ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ሸራው ትላንት ደረሰ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወንበር ስጡኝ ማለቴን ነው።

የላይኞቹ ሁለት ረድፎች፣ አሥራ ስድስቱ ካሬዎች፣ እጅዎን ይባርከውና ግሩም ናቸው። በረዶው ይበርዳል። ከአሥራ ሰባተኛው ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ካሬ ግማሽ ነው። የቀኙ ግማሽ ተሥሏል፣ የግራው ግማሽ ባዶ ሸራ ነው። አንዱም ሳይዛነፍ ሠላሳ ሁለት ካሬ፣ ሠላሳ ሁለት ባዶ። ጥዱ ግማሽ፣ ጎጆው ግማሽ፤ ተራራው የአጥር ርብራብ ሆኗል። ሸራውን ገልብጬ ቀኖቹን አየሁ። አሥራ ስድስተኛው ኅዳር 25። አሥራ ሰባተኛው ታኅሣሥ 1። በመሃላቸው ያለው ያ ብርድ ነው ያሉኝ ሦስት ቀን ነው።

ዛሬ ጠዋት መጽሐፍ ሊያሳትም የመጣ የነርቭ ሐኪም ነበር። አሳየሁት። አተኩሮ አየውና «ይህ ሰው በሕይወት አለ?» አለኝ። «አለ፣ አጎቴ ነው» አልኩት። «ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። «ሾፌር» ስለው መነጽሩን አወለቀ።

አጎቴ፣ የታመመው ዓይንዎ አይደለም። ሐኪሙ እንዳለኝ፣ ከጭንቅላትዎ በቀኝ በኩል አንድ የደም ሥር ሳይዘጋ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላትዎ ግራ የሚባለውን ወገን ትቶታል። ክፋቱ ደግሞ ሰውየው የጎደለበት አይመስለውም፤ ሁሉም ነገር ሙሉ ሆኖ ነው የሚታየው። ሳህኑ፣ በሩ፣ መስታወቱ፣ የእኔ ደብዳቤ፣ ሁሉም ይኸው ነው።

ሌላም የምናዘዘው አለኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚጽፉልኝ ደብዳቤ ከገጹ መሃል ነው የሚጀምረው። አይቼዋለሁ። «አጎቴ አረጁ» ብዬ አዘንኩና ልነግርዎ ይሉኝታ ያዘኝ። በሱ ፈንታ መስመር ያለው ወረቀት ላኩልዎ። በሕይወቴ እንደዚህ አፍሬ አላውቅም። እርስዎ ስልክ ስለሌለዎት ዛሬ ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ደወልኩ። ወጥተዋል ተባልኩ፤ አለቃዎ ስልኩን ተቀበለኝ። ልነግረው አፌን ከፍቼ፣ ከሥራዎ ላስባርርዎ ነው ብዬ ፈራሁና «ሰላም በሉልኝ» ብዬ ዘጋሁት። አሥራ አራት ሰው!

እኔን አይመኑኝ፤ ይሞክሩት። እኔ የላክሁልዎን ሥዕል አምጥተው ይዘቅዝቁት፤ ሰማዩ ወደ ታች፣ ሐይቁ ወደ ላይ። ከዚያ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ይመልከቱ። ጀልባ ካለች መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅሱ። ደብዳቤው በአምስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። በስምንተኛው ቀን ለአለቃዎ ደውዬ ሁሉን እነግረዋለሁ። ቢቀየሙኝም፣ ዕድሜ ልክዎን ባያናግሩኝም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 19 ቀን

ለልጄ፤

ልጄ ነው ያልኩሽ፤ ከእንግዲህ እንደዚህ ነው የምጠራሽ። ሰላም ሁኚ። አልተቀየምኩሽም። ትላንት ደውለሽ ነበር አሉ፤ አለቃዬም ከኔ ከራሴ እንደሰማ ነግሮሻል። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ወደ ግራ ይሂዱ፣ ገና ነው፣ ገና ነው» ትለኛለች። ከመሃል ከጀመርኩ በእሷ ፍረጂ።

ደብዳቤሽ ከሥራ ስመለስ ደረሰኝ። በግማሽ ገጽ መጻፍሽን አላየሁትም። ለእኔ ሙሉ ገጽ ነበር። እንዲያውም ከስንት ጊዜ በኋላ የተሟላ ደብዳቤ ጻፈች ብዬ ደስ እያለኝ ነበር የጀመርኩት። ስጨርሰው ተሳደብኩ። «እኔን ሊያሳብዱኝ ነው» አልኩ። ላሳፍርሽ ብዬ ሥዕሉን ከግድግዳ አወረድኩና ዘቀዘቅኩት።

ጀልባዋ አለች።

ጮህኩ፤ ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። ቀይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተቀምጦባታል። ከጀልባዋ አጠገብ ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ላይ ሁለት ላሞች አሉ። አምስት ወር ሙሉ ከዚህ ሥዕል ጋር ስኖር አንዱንም አይቼ አላውቅም፤ ከመታመሜ በፊት ዓይኔን የያዘው የላይኛው በረዶ ብቻ ነበር። ሥዕሉን አቃናሁት፤ ጠፉ። ዘቀዘቅኩት፤ መጡ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላስታውስም፤ በመጨረሻ ጎረቤቴ ከእጄ ቀማችኝ። «ሳህኑን ግማሽ ግማሽ እተው ነበር?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። «ሥዕሉስ?» ስላት አለቀሰች። በነጋታው ሐኪም ዘንድ አብራኝ ሄደች። ሐኪሙ ሁለቱንም እጁን አነሣና «ስንት ጣት ነው?» አለኝ። «በየትኛው እጅ?» ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት! «ሦስት» አልኩት እንጂ። ሰባት ነበር።

ከሐኪሙ ወጥቼ ቁልፉን ለአለቃዬ አስረከብኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ሴቶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጠብቄ በሚኒባሱ ደጃፍ ቆምኩ። ንግግሬን ሳዘጋጅ ነው የዋልኩት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ግራዬን ሳላይ እንደነዳኋቸው፣ ሳላውቅ በሕይወታቸው እንደተጫወትኩ፣ ይቅር እንዲሉኝ ተናገርኩ። ይጮሁብኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷም አልደነገጠችም።

ያውቁ ነበር፤ ልጄ። አሥራ አራቱም ያውቁ ነበር። ወይዘሮ ፍሬንን ከኋላዬ ያስቀመጧት መክረው ነው። ዓይኗ ጥሩ ስለሆነ እሷን መረጡ። በግራ ሰው ወይም መኪና ሲመጣ ትከሻዬን ትነካለች። ሳቁንም የተዉት እሷ እንዳትዘናጋ ብለው ነው። እኔ ደግሞ በሷ ላይ ሳሾፍ ከረምኩ።

አዲሱ ሾፌር መንገዱን ስለማያውቅ አለቃዬ ለአንድ ቀን አብረኸው ሂድ አለኝ፤ ትላንት ጠዋት ከጎኑ ተቀመጥኩ። በቀጭኑ መንገድ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ነው ሴቶቹን ልናመጣ የሄድነው። ስንሄድ ሁልጊዜ ቀኜ የሚሆነው አጥር ሴቶቹን ጭነን ስንመለስ ግራዬ ነው፤ ይህን ግራና ቀኝ ድሮ አስቤው አላውቅም። ሾፌሩን አስቁሜው ወረድኩ። በአጥሩ ግንብ ላይ ረጅም ጭረት አለ። አረንጓዴ ነው፤ የሚኒባሱ ቀለም ነው። ከፍታው በትንሽ ልጅ ትከሻ ልክ ነው። በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ትምህርት ቤቱ በር ጋ ሊደርስ ሲል ያልቃል። ከጭረቱ ማለቂያ እስከ በሩ በስንዝር ለካሁት፤ ሁለት ስንዝር ነው።

ሴቶቹን ስንጭን ወይዘሮ ፍሬንን ጠየቅኳት። «ጥር ላይ ነው» አለችኝ። «ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስንሄድ። ቅዳሜ ነበር ጋሼ፤ ልጆቹ አልነበሩም።»

«እናንተስ?» አልኳት። «እናንተ አልነበራችሁም?»

የግጭቱ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ጎማዬ ሥር ድንጋይ የገባ መስሎኝ ተራግሜ ነበር።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጮህኩባት። በሰው ፊት ጮኼ አላውቅም።

«እንዴት ብለን እንንገርህ?» አለችኝ። «እየሣልክ ነበር፤ ደስ ብሎህ ነበር እኮ። ዛሬ እንንገረው፣ ነገ እንንገረው ስንል ነው የከረምነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ግን ልጆቼን ስሜ፣ ተሰናብቼ ነው የምወጣው።»

ደህና ሁኚ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ያየሽብኝን ጉድለት ሁሉ ባየሽበት ቀን ጻፊልኝ።

አጎትሽ